የድሮ ማስተር ቴፕን ከነድምፁ ማትረፍ፦ ሪል ማሽኑን ከማዘጋጀት እስከ ዲጂታል ቅጂ

በድሮ ስቱዲዮ መደርደሪያ ላይ ሠላሳ አርባ ዓመት የተቀመጠ ማስተር ቴፕ (የቀረጻው ዋና ቴፕ)፣ ከእንግዲህ በደህና የሚጫወተው ምናልባት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያቺን አንዲት ዕድል አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸው የቴፑ እርጅና ሳይሆን ያልተዘጋጀ ማሽንና ጥድፊያ ነው። ስለዚህ እዚህ የምናስቀምጠው ቅደም ተከተል ብዙ ሰው ከሚያደርገው የተገላቢጦሽ ነው፦ ዋናው ቴፕ ማሽኑ ላይ የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሥራ በሙሉ ማሽኑ ያንን ቴፕ ለመንካት የሚታመን እንዲሆን ማድረግ ነው።

ለማስረዳት የምንጠቀመው 1/4 ኢንች (6.3 ሚሊ ሜትር) ስፋት ያለውን፣ በሰከንድ 38 ሴንቲ ሜትር (15 ኢንች) የሚሄደውን ባለ ሁለት ትራክ ስቴሪዮ ማስተር ነው። ባለ 2 ኢንች 24 ትራክ ማሽን ላይ የሚለይ ነገር ሲኖር እዚያው እንጠቅሳለን።

ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህ በእጃችሁ ይሁኑ፦ የማሽኑ የሰርቪስ ማኑዋል፣ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ብናኝ የማይተው ጨርቅ፣ ረጅም እጀታ ያለው የጥጥ እንጨት፣ የሄድ (ቴፑን የሚያነበውና የሚቀዳበት የማሽኑ ክፍል) ዲማግኔታይዘር፣ ሙልቲሜትር፣ ባለ ሁለት ቻናል ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ)፣ ማግኔት የማይዝ ካቻቪቴ፣ የካሊብሬሽን ቴፕ (መጠናቸው የታወቀ ድምፆች የተቀዱበት የማሽን ማስተካከያ ቴፕ)፣ እንዲሁም ቢበላሽ የማያሳዝን ግን ጤነኛ የሆነ የሙከራ ቴፕ። ማኑዋሉ ከሌለ አትጀምሩ። የትኛው ማስተካከያ ምን እንደሚያዝ በግምት ማወቅ አይቻልም፤ አንድ የተሳሳተ ብሎን ማዞር የአንድ ሙሉ ቀን ሥራ ያመጣል።

ሶኬት ውስጥ ከመሰካቱ በፊት

ለዓመታት ጠፍቶ የቆየ ማሽንን "እስቲ ይሠራ እንደሆን" ብሎ መሰካት የሚያስከፍለው ብዙ ነው። መጀመሪያ ክዳኑን ከፍታችሁ በመብራት ተመልከቱ። ፓወር ሰፕላዩ ላይ ያሉት ትልልቅ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያከማቹ ክፍሎች) አናታቸው ያበጠ ወይም ሥራቸው ላይ ፈሳሽ የደረቀበት ከሆነ ጊዜያቸው አልፏል። ከዚያ በዋናው መብራት መስመርና በሞተሮቹ ዙሪያ ያሉትን ካፓሲተሮች ፈልጉ። በብዙ የስቱደርና የሬቮክስ ማሽኖች ላይ ቢጫ ብርሃን አስተላላፊ ገላ ያላቸው፣ ውስጣቸው ወረቀት የሆነ ካፓሲተሮች አሉ። ገላቸው ከዘመን ብዛት በቀጫጭኑ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ እርጥበት ይገባል፤ ማሽኑ በበራ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ፈንድተው ክፍሉን በጭስ ይሞሉታል። ደህና ቢመስሉም ቀይሯቸው። የምትተኩት ተመሳሳይ ማይክሮ ፋራድ ያለውና ለዋና መብራት መስመር ተብሎ የተሠራ ይሁን፤ የሞተር ከሆነ ደግሞ ለሞተር የተሠራ።

ሶኬቱ ቢነቀልም ካፓሲተር ኃይል ይዞ ይቆያል። በተለይ ባለ ቫልቭ ማሽኖች ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ሊኖር ስለሚችል በሬዚስተር አራግፋችሁ፣ በሙልቲሜትር ዜሮ መሆኑን ሳታረጋግጡ እጃችሁን አታስገቡ።

የመጀመሪያው ማብራት እንዲህ ይሁን። የድምፅ ካርዶቹን በሙሉ ንቀሉ፣ የሞተሮቹንም ማገናኛ አላቅቁ። በመብራቱ መስመር ላይ ባለ 100 ዋት የድሮውን ባለ ክር አምፖል በተከታታይ አስገቡና አብሩ። አምፖሉ ለአፍታ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፤ ደምቆ ከቀረ ሾርት አለና አጥፉ። ካለፈ በኋላ አምፖሉን አውጥታችሁ የፓወር ሰፕላዩን ቮልቴጆች ከማኑዋሉ ጋር አስተያዩ። ከዚያ ማሽኑን እያጠፋችሁ ካርዶቹን አንድ በአንድ መልሱ፤ በእያንዳንዱ ካርድ እንደገና ለኩ።

ካፓሲተሮቹን ሁሉ በአንድ ቀን ጠራርጎ የመቀየር ፈተና አለ። አንመክርም። አንድ ቻናል ሠርታችሁ ካልተነካው ጋር አወዳድሩ፤ ስህተት ከገባ የት እንደገባ የሚነግራችሁ ያልተነካው ቻናል ነው።

የቴፑ መንገድ

የሙከራ ቴፑን ጭናችሁ አጫውቱ፣ ወደፊትና ወደኋላ በፍጥነት አስኪዱ፣ አቁሙ። የምትመለከቱት ድምፁን ሳይሆን የቴፑን ጠርዝ ነው። ጠርዙ ጋይዶቹ (ቴፑን በመንገዱ የሚመሩት ምሰሶዎች) ላይ ሲደርስ መታጠፍ የለበትም፤ በተቀባዩ ሪል ላይ የሚጠቀለለውም ክር ደረጃ ሳይሠራ ለጥ ብሎ መተኛት አለበት። ሲቆም ቴፑ ከላላ ወይም ከተወጠረ ፍሬኑ ያልተመጣጠነ ነው። ይህን ጉድለት ይዞ ወደ ዋናው ቴፕ መሄድ ቴፑን እንደ ላስቲክ መለጠጥ ነው፤ የተለጠጠ ቴፕ ደግሞ አይመለስም።

ቴፑን ካፕስታኑ (በእኩል ፍጥነት የሚጎትተው ተሽከርካሪ ዘንግ) ላይ የሚጫነውን የላስቲክ ሮለር በጥፍራችሁ ጫን በሉት። ጥቂት ተጎድጉዶ ከተመለሰ ጥሩ ነው። እንደ መስታወት ካብለጨለጨና ከደነደነ ቴፑን ያንሸራትታል፣ ፍጥነቱም ይዋዥቃል። ጣት ላይ ከተጣበቀ ላስቲኩ እየሟሟ ነውና ሊጸዳ አይችልም፤ አዲስ ላስቲክ ይለበስለት።

ማጽዳትና ለምን እንዲህ እንደሚያስጨንቅ

ሄዶቹን፣ ጋይዶቹንና ካፕስታኑን በአልኮል፣ የላስቲክ ሮለሩን ግን በትንሽ ለስላሳ ሳሙናና በተጣራ ውሃ አጽዱ። አልኮል አንዳንዱን ላስቲክ ያደርቃል። ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ደጋግሙ፤ ሄዱን በምንም ብረት አትፋቁ።

የንጽሕናው ጉዳይ የወግ አይደለም። በሰከንድ 38 ሴንቲ ሜትር ፍጥነት፣ የ10 ኪሎ ሄርዝ ድምፅ አንዱ ሙሉ ሞገድ ቴፑ ላይ የሚይዘው ርዝመት 38 ማይክሮ ሜትር ብቻ ነው። ቴፑ ከሄዱ በራቀ ቁጥር የሚጠፋው ድምፅ፣ ርቀቱ ለሞገዱ ርዝመት ሲካፈል በሚገኘው ላይ 54.6 ዴሲቤል ተባዝቶ ነው። ሄዱ ላይ 5 ማይክሮ ሜትር ውፍረት ያለው ቆሻሻ ተለጥፎ ከሆነ በ10 ኪሎ ሄርዝ 7 ዴሲቤል ይጠፋል፤ በ1 ኪሎ ሄርዝ ግን 1 ዴሲቤል እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ቆሻሻ ሄድ ድምፁን አይቀንሰውም፣ ያደበዝዘዋል። ጆሮም "ቴፑ አርጅቷል" ብሎ ይፈርዳል። ያ ሁሉ ድምፅ ግን ቴፑ ላይ አለ።

ቀጥሎ ማግኔት ማውጣት ነው። ማሽኑ ይጥፋ፣ ካሊብሬሽን ቴፑን ጨምሮ ቴፕ የተባለ ሁሉ ከክፍሉ ይውጣ። ዲማግኔታይዘሩን ከማሽኑ አንድ ሜትር ርቃችሁ አብሩ፣ ቀስ ብላችሁ አስጠጉ፣ በእያንዳንዱ ሄድና ብረት ጋይድ ላይ በዝግታ ወደላይና ወደታች አንቀሳቅሱ፣ እንደገና በዝግታ አንድ ሜትር አርቃችሁ አጥፉ። ሄዱ አጠገብ እንዳለ መብራት ቢጠፋ ወይም ብታጠፉት፣ ሄዱ ከነበረው የባሰ ማግኔት ይዞ ይቀራል። እንዲህ ከሆነ ሂደቱን ከመጀመሪያው ድገሙት። የቪዩ ሜትሮቹንም (የድምፁን መጠን በመርፌ የሚያሳዩትን) አትጠጉ።

ማጫወቻውን ማስተካከል

ማሽኑ በርቶ 30 ደቂቃ ይሙቀው። የመቅጃ ቁልፎቹ ሁሉ ይዘጉ። የካሊብሬሽን ቴፕ በስህተት አንዴ ከተቀዳበት ዋጋ የለውም፤ በፍጥነት አታጠቅልሉት፣ እስከ መጨረሻ አጫውታችሁ እንዳለ አስቀምጡት።

መጀመሪያ አዚሙዝ፣ ማለትም ሄዱ ለቴፑ ጉዞ ቀጥ ብሎ መቆሙ። የግራውን ቻናል ወደ ኦሲሎስኮፑ አግድም፣ የቀኙን ወደ ቁመቱ አስገቡና ኤክስ ዋይ ላይ አድርጉት። የካሊብሬሽን ቴፑን እያጫወታችሁ በ1 ኪሎ ሄርዝ ቶን (አንድ ወጥ ድምፅ) የሄዱን አዚሙዝ ብሎን በጣም በጥቂቱ እያዞራችሁ በስክሪኑ ላይ ያለው ክብ ወደ 45 ዲግሪ ያዘመመ ቀጭን መስመር እስኪሆን አምጡት። ከዚያ በ10፣ በመጨረሻም በ16 ኪሎ ሄርዝ አጥሩት። በቀጥታ ከ16 ኪሎ ሄርዝ መጀመር ወጥመድ ነው፤ አንዱ ቻናል አንድ ሙሉ ዙር ቀድሞም መስመሩ ቀጥ ብሎ ሊታይ ይችላል፣ እናንተም ትክክል ያገኛችሁ ይመስላችኋል።

ምን ያህል ጥቃቅን ነገር እንደምትዳስሱ ለመገመት፦ የሁለቱ ትራኮች መካከለኛ ርቀት 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው እንበል። ሄዱ የአንድ ዲግሪ አንድ ስድስተኛ ቢያጋድል ሁለቱ ቻናሎች 12 ማይክሮ ሜትር ገደማ ይለያያሉ፤ በ10 ኪሎ ሄርዝ ይህ ወደ 110 ዲግሪ የፌዝ (የሁለቱ ሞገዶች መቀዳደም) ልዩነት ነው። ሁለቱን ቻናሎች ወደ ሞኖ ስትደምሩ ሲምባሉና የድምፃዊው "ሰ" ይበላል።

ቀጥሎ ደረጃ፣ ማለትም የድምፁ መጠን። የካሊብሬሽን ቴፑ ሳጥን ላይ ማጣቀሻ ፍሰቱ (ቴፑ ላይ ያለው የማግኔት መጠን) ተጽፏል፦ 185፣ 250፣ 320 ወይም ሌላ ናኖ ዌበር በሜትር። ከ185 ወደ 250 ያለው ልዩነት 2.6 ዴሲቤል፣ ወደ 320 ደግሞ 4.8 ዴሲቤል ነው። የምታገለብጡት ማስተር የተቀዳበት ደረጃ ከካሊብሬሽን ቴፑ የሚለይ ከሆነ ልዩነቱን አስባችሁ ሜትሩን ከዜሮ በላይ ወይም በታች አስቀምጡ። በ1 ኪሎ ሄርዝ ሁለቱንም ቻናል አመጣጥኑ፣ ከዚያ በ10 ኪሎ ሄርዝ የከፍተኛ (ቀጭን) ድምፅ ማስተካከያውን ተመሳሳይ ንባብ እስክታገኙ አዙሩ፣ 16 ኪሎ ሄርዝን ፈትሹ።

ኢኳላይዜሽኑ (የቀጭኑና የወፍራሙ ድምፅ ሚዛን፣ በማይክሮ ሰከንድ የሚገለጸው) ከቴፑ ጋር ካልተስማማ ይህ ሁሉ ልፋት ይጠፋል። በ38 ሴንቲ ሜትር ፍጥነት የአሜሪካው ናብ ስታንዳርድ 50 እና 3180 ማይክሮ ሰከንድ፣ የአውሮፓው አይኢሲ 35 ማይክሮ ሰከንድ ነው። በአይኢሲ የተቀዳ ቴፕ በናብ ሲጫወት የላይኛው ድምፅ እስከ 3 ዴሲቤል ድረስ ይጮኻል፣ 50 ሄርዝ አካባቢ ያለው ቤዝም ወደ 3 ዴሲቤል ይቀንሳል። በዚህ የተነሳ "ቀጭንና ሹል" የተባለ ስንት ቅጂ አለ! በ76 ሴንቲ ሜትር ፍጥነት የሚሠራ ባለ 2 ኢንች ከሆነ ግን በአብዛኛው የምታገኙት 17.5 ማይክሮ ሰከንድ ነው።

የዝቅተኛ ድምፅ ማስተካከያውን በካሊብሬሽን ቴፑ አትንኩ። አብዛኛው የካሊብሬሽን ቴፕ በሙሉ ስፋቱ ነው የተቀዳው፤ ጠባቡ የሄድ ትራክ ከጎኑ ያለውንም ማግኔት ስለሚያነሳ ቤዙ ከእውነቱ በላይ ይነበባል። ቤዙን ቆርጣችሁ ካስተካከላችሁ፣ የሚቀንሰው የዋናው ቴፕ ቤዝ ነው። ትክክለኛው መንገድ ራሳችሁ በቀዳችሁት ቴፕ ማስተካከል ነውና የመቅጃውን ክፍል በሙከራ ቴፑ እናልፍበት።

በሙከራ ቴፑ ላይ 10 ኪሎ ሄርዝ እየቀዳችሁ ከማጫወቻ ሄዱ አንብቡ፤ የመቅጃ ሄዱን አዚሙዝ ከተስተካከለው ማጫወቻ ጋር አስማሙ። ባያሱን (ከድምፁ ጋር ወደ መቅጃ ሄዱ የሚገባውን፣ ጆሮ የማይሰማውን ምልክት) ከዝቅተኛ ጀምራችሁ ጨምሩ፦ ንባቡ ከፍ ይላል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ይወርዳል። ጫፉ ላይ አትቁሙ፤ ከጫፉ ባለፈ የቴፑ አምራች የሰጠው ቁጥር እስኪቀንስ ቀጥሉ። ለአምፔክስ 456 ዓይነት ቴፕ በ38 ሴንቲ ሜትር 3 ዴሲቤል አካባቢ የተለመደ ነው፤ በ76 ደግሞ ግማሹ፤ የሄዱ ክፍተት ስፋት ግን ይለውጠዋል። ባያስ ሲያንስ ድምፁ ይሻክራል፣ ሲበዛ ይደበዝዛል። ከዚያ የመቅጃውን ደረጃና 10 ኪሎ ሄርዙን አስተካክላችሁ፣ በመጨረሻ ከ50 እስከ 100 ሄርዝ እየቀዳችሁ የማጫወቻውን ቤዝ ከ1 ኪሎ ሄርዙ ጋር አስተካክሉ።

ይህ ሲያልቅ የመቅጃ ካርዶቹን ከማሽኑ ንቀሉና አስቀምጡ። ቁልፍ መዝጋት ብቻውን አይበቃም፤ ዋናው ቴፕ በሚወጣበት ማሽን ላይ የማጥፋት አቅም ጨርሶ መኖር የለበትም።

አሁን ቴፑን መመልከት

ሳጥኑንና በውስጡ ያለውን ወረቀት በሙሉ ፎቶ አንሱ፦ ፍጥነት፣ ናብ ወይም አይኢሲ፣ ደረጃ፣ ዶልቢ (የቴፑን "ሽሽ" ድምፅ የሚቀንስ፣ ሲጫወት በዲኮደር የሚፈታ ዘዴ)፣ ጅራቱ ውጪ መሆን አለመሆኑ (የቀረጻው መጨረሻ በሪሉ ውጫዊ ጫፍ ላይ ሆኖ መጠቅለሉ)። ከዚያ ሪሉን ወደ መብራት አቅንታችሁ በጎኑ ተመልከቱ። በክሩ ድርድር ውስጥ ብርሃን ካለፈ የቴፑ መሠረት አሴቴት ነው፣ ካላለፈ በአብዛኛው ፖሊስተር ነው (ሁለቱም የፕላስቲክ ዓይነቶች ናቸው)። አሴቴት ሲበላሽ የኮምጣጤ ሽታ ያመጣል፣ ሲበጠስም ሳይለጠጥ በንጹሕ ይቆረጣል። ይህ ልዩነት ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉ ይወስናል።

ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በተሠሩ፣ ጀርባቸው ጥቁር ሽፋን ባላቸው ብዙ ቴፖች ላይ የሚታወቅ ሕመም አለ። አምፔክስ 406 እና 456፣ ስኮች 226 ይገኙበታል። ኦክሳይዱን (ድምፁ የተቀዳበትን የማግኔት ዱቄት) የሚይዘው ፖሊዩሬቴን ማጣበቂያ ከአየር እርጥበት እየመጠጠ ይፈርሳል፣ ቴፑም ይጣበቃል። ለመለየት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዙሮች በእጅ ቀስ ብላችሁ ፍቱ፤ ክሩ ከሥሩ ካለው ጋር ተጣብቆ እየተጎተተ የሚወጣ ከሆነ ማሽን ላይ አታውጡት። ሳታውቁ አውጥታችሁት ከሆነ ሲጢጥ እያለ ይጮኻል፣ ሄዱም ላይ ቡናማ ሙጫ ይሰበሰባል። ያ ቡናማ ነገር ሙዚቃው ራሱ ነው። ወዲያው አቁሙ፣ "ይላቀቅ" ብላችሁ በፍጥነት አታጠቅልሉ።

መድኃኒቱ ዝቅ ባለ ሙቀት መጋገር ነው፦ 54 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ 1/4 ኢንች ለ8 ሰዓት፣ 2 ኢንች ለ24 ሰዓት ያህል። ሙቀቱ በዝግታ የሚሽከረከር የምግብ ማድረቂያ ማሽን ይመቻል። ባዶውን ለሁለት ሰዓት አብርታችሁ በተለየ ቴርሞሜትር ለኩት፤ በቁልፉ ላይ የተጻፈውን አትመኑ። ማይክሮዌቭ ፈጽሞ፣ የጋዝ ምድጃም እርጥበት ስለሚያወጣ አይሆንም። ፕላስቲክ ሪል ሊጣመም ስለሚችል ወደ ብረት ሪል ማዛወር ከተቻለ ይሻላል፤ ከተጣበቀ ግን ለማዛወር ብላችሁ አትጎትቱ። በየሁለት ሰዓቱ ገልብጡት። ሲያልቅ የተጋገረበትን ያህል ጊዜ በክፍሉ ሙቀት ይረፍ። ፈውሱ ጊዜያዊ ነው፤ እርጥበቱ ስለሚመለስ ቅጂውን በሳምንታት ውስጥ ጨርሱ።

አሴቴት ቴፕ አይጋገርም። ይኮማተራል፣ መመለሻም የለውም። ኦክሳይድ ሳያራግፍ ሲጢጥ የሚል ቴፕም አለ፤ እሱ ሌላ ሕመም ነው፣ መጋገር አይጠቅመውም።

የድሮ ቅጥሎች ፕላስተር ይደርቃል ወይም ሙጫው ይወጣል። የተላቀቀውን በጀርባው በኩል ብቻ፣ ከቴፑ ጥቂት በሚጠብ የመቀጠያ ፕላስተር ቀጥሉ። የቢሮ ፕላስተር ሙጫው በጎን ፈስሶ የሚቀጥለውን ዙር ያጣብቃል።

ቅጂው

ጅራቱ ውጪ ሆኖ የተቀመጠ ቴፕ ለመጫወት በዝግታ ይጠቅለላል፤ በዚህም ከአንዱ ዙር ወደ ጎረቤቱ የታተመው ማሚቶ ጥቂት ይቀንሳል።

አብዛኛው ማስተር መጀመሪያው ላይ የ1 ኪሎ ሄርዝ፣ የ10 ኪሎ ሄርዝና የ100 ሄርዝ ቶኖች አሉት። የቀዳው መሐንዲስ የማሽኑን ሁኔታ ያስቀመጠበት መልእክት ነውና ከካሊብሬሽን ቴፑ ይልቅ እሱን ስሙ፦ አዚሙዙን፣ ደረጃውን፣ የላይኛውን ድምፅ ለዚያ ቴፕ እንደገና አስተካክሉ። ቶን ከሌለው ሁለቱን ቻናሎች በሞኖ ደምራችሁ ሲምባሉ በጣም ጠርቶ እስኪሰማ አዚሙዙን ፈልጉ። ከተለያየ ቦታ በተቆራረጠ አልበም ላይ እያንዳንዱ ዘፈን የራሱ አዚሙዝ ሊኖረው ይችላል፤ ከቅጥሉ በኋላ ድምፁ በድንገት ከደበዘዘ አቁማችሁ ለዚያ ዘፈን ለብቻው አስተካክሉ።

ዶልቢ ኤ ከተጻፈበት የዶልቢ ቶኑን በዲኮደሩ ሜትር ምልክት ላይ በትክክል አስቀምጡ። የ2 ዴሲቤል ስህተት እንኳ የላይኛውን ድምፅ እንዲተነፍስ ያደርገዋል። የተፈታውን ብቻ ሳይሆን ያልተፈታውንም በሌላ ጥንድ ቻናል በአንድ ጊዜ ቅዱ።

ቅጂው በ96 ኪሎ ሄርዝ፣ በ24 ቢት ዌቭ ፋይል ይሁን፤ ጫፉ ከዲጂታሉ ጣሪያ ቢያንስ 6 ዴሲቤል በታች ይቅር። ኢኳላይዘር፣ ኮምፕረሰር፣ የ"ሽሽ" ድምፅ ማጥፊያ በዚህ ፋይል ላይ አይግባ። ባለ 24 ትራክ ከሆነ ሁሉም ትራክ በአንድ ዙርና በአንድ ዲጂታል ሰዓት ይቀዳ፤ 762 ሜትር የሆነው ባለ 2 ኢንች ሪል በ38 ሴንቲ ሜትር 33 ደቂቃ ነው የሚሄደው።

አንድ ሰው ሜትሩን ሲያይ ሌላው ዓይኑን ከሄዱና ከቴፑ ጠርዝ አይንቀል። ቡናማ ዱቄት መታየት ከጀመረ አቁሙ፣ አጽዱ፣ ጥቂት ሰከንድ ወደኋላ መልሳችሁ ቀጥሉ፤ ሁለቱ ፋይሎች በኋላ ይጋጠማሉ። የቆመበትን ደቂቃ፣ የተቀየረውን አዚሙዝ፣ የተጋገረበትን ሙቀትና ሰዓት በሙሉ ጻፉ።

ሲያልቅ አትመልሱት፤ ጅራቱ ውጪ እንደሆነ፣ በመጫወቻ ፍጥነት እንደተጠቀለለ፣ "ጅራቱ ውጪ" ተብሎ ተጽፎበት በሳጥኑ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቁም። ፋይሉ እስከ መጨረሻው ተደምጦ በሁለተኛ ዲስክ ላይ ሳይገለበጥ ማሽኑን አታጥፉ፣ አዚሙዙንም አትንኩ፤ አንድ ቦታ መድገም ቢያስፈልግ ትክክለኛው አቀማመጥ ያለው እዚያው ነው።